ክረምት የማይፈታው ግድግዳ፦ በዝናባማ አካባቢ የቤት የውጭ ልባስ እንዴት ይመረጥ?

ባሕር ዳር፦ በአማራ ክልል ምዕራባዊና ማዕከላዊ አካባቢዎች የቤት ግንባታ ጥራት የሚፈተነው በክረምት ነው። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ባሕር ዳር በአማካይ በዓመት 1 ሺህ 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ውኃው ሳይሰርግና ሳይተን አንድ ቦታ ቢጠራቀም ከአዋቂ ሰው ደረት ይደርስ ነበር። ይህን ሁሉ ዝናብ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ሳያሳልፍ መቆም ያለበት የቤቱ ጣሪያና የውጭ ግድግዳ ነው።

ስለ ጣሪያ ሁሉም ይጨነቃል፤ የሚያፈስስ ጣሪያ ወዲያውኑ ይታያልና። ግድግዳ ግን የሚጎዳው ቀስ በቀስ ነው። ውኃው በስንጥቅ ይገባል፤ ማገሩ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ምስጥ ይከተላል፤ ችግሩ ለዐይን ሲታይ ልባሱ በሰፊው ተገንጥሎ ወድቋል። በዚህ የተነሳ አንድ ቤተሰብ ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ በሁለትና በሦስት ክረምት ሊባክን ይችላል። እርጥብ ግድግዳ በቤት ውስጥ ሻጋታ ስለሚያበቅል የሕጻናትንና የአረጋውያንን የመተንፈሻ አካል ጤናም ያውካል።

የውጭ ልባስ ሲመረጥ ብዙዎች የሚያስቀድሙት ጥያቄ "የትኛው ዕቃ ጠንካራ ነው?" የሚል ነው። ለዝናባማ አካባቢ ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ "ከልባሱ ጀርባ ያለው ግድግዳ ከምን የተሠራ ነው?" የሚለው ነው። ለብሎኬት ቤት መልካም የኾነ ልባስ የጭቃ ቤትን ሊያፈርስ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በክልሉ በስፋት በሥራ ላይ ያሉትን የውጭ ልባሶች አንድ በአንድ እያነሳ ለየትኛው ቤት እንደሚስማሙ ያብራራል።

ውኃ ወደ ግድግዳ የሚገባባቸው መንገዶች

ውኃ ግድግዳን የሚያገኘው በአራት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በነፋስ እየተገፋ በቀጥታ የሚመታው ዝናብ ነው። ሁለተኛው ከጣሪያ ወርዶ መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ተመልሶ የሚፈናጠረው ውኃ ነው፤ ይህ ፍንጣሪ ከመሬት እስከ 30 እና 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን የግድግዳ ክፍል ያለማቋረጥ ያረጥባል። ሦስተኛው ከመሬት ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበት ነው። የኩራዝ ክር ጋዝን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ ጭቃ፣ ጡብና ብሎኬትም ከርጥብ መሬት ውኃ ይስባሉ። አራተኛው በመስኮትና በበር ዙሪያ እንዲሁም ጣሪያና ግድግዳ በሚገናኙበት ክፍተት የሚሰርገው ነው።

አንድ ግድግዳ የሚረጥበው በየትኛው መንገድ እንደኾነ ሳይታወቅ የሚገዛ ልባስ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው። እርጥበቱ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እኩል ከፍታ ይዞ የሚወጣ ከኾነና ነጭ የጨው ዱቄት የሚመስል ነገር ከተውት ምንጩ መሬት ነው። የሚረጥበው ነፋስ የሚመጣበት አንዱ ጎን ብቻ ከኾነ ምንጩ የሚገፋ ዝናብ ነው። ከመስኮት ጥግ ወደ ታች የሚወርድ ጥቁር መስመር ከታየ ደግሞ ችግሩ ያለው በመስኮቱ ዙሪያ ነው። በአንድ ከባድ ዝናብ ወቅት ከቤት ወጥቶ የትኛው ግድግዳ እንደሚመታ መመልከት ዋጋ የማይከፈልበት ምርመራ ነው።

ልባስ ከመግዛት በፊት፦ ጠርዝ፣ አሸንዳና መሠረት

በጎጃምም በጎንደርም የቆየው ክብ የሣር ክዳን ቤት ጭቃ ግድግዳው ለብዙ ዓመታት የሚቆየው ጭቃው የተለየ ስለኾነ አልነበረም። ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ሰፊ ኾኖ ስለሚወርድ ግድግዳው ጃንጥላ እንደያዘ ሰው ነበር። ሣሩም ውኃውን እያዘገየ ያንጠባጥበዋል እንጂ እንደ ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ አይለቀውም። የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ ብዙ ቤቶች ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል የጣሪያቸው ጠርዝ አጥሮ ቀረ። ውኃው በፍጥነትና በብዛት በግድግዳው ሥር መውረድ ጀመረ። ከዚያ በኋላ የጭቃው መሸርሸር የጭቃው ድክመት ተደርጎ ተወሰደ፤ ያጠረው ጃንጥላ ግን ብዙም አልታሰበም።

ስለዚህ ለዝናባማ አካባቢ የመጀመሪያው የግድግዳ ልባስ የጣሪያው ጠርዝ ነው። ጠርዙ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር መውጣት ይኖርበታል። ዝናብ በነፋስ በሚገፋበት ጎን እስከ 1 ሜትር ቢደርስ ይመረጣል፤ ነገር ግን የወጣው ጠርዝ ነፋስ እንዳያነሳው በአግባቡ መታሰር አለበት። ለነባር ቤት ጣሪያውን መለወጥ ካልተቻለ በሚመታው ጎን ብቻ በረንዳ የሚመስል ጥላ መጨመር ይቻላል።

ሁለተኛው አሸንዳ ነው። አሸንዳ የጣሪያውን ውኃ ሰብስቦ ከቤቱ ስለሚያርቅ ፍንጣሪን ይቀንሳል። ውኃውን በበርሜል ወይም በገንዳ ማጠራቀም ደግሞ ለጓሮ አትክልት ይጠቅማል። አሸንዳ በሌለበት ቤት ጠብታው በሚያርፍበት መስመር ላይ ጠጠር ማፍሰስ ፍንጣሪውን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ጠንካራ ሊሾ ግን ውኃውን መልሶ ስለሚያነጥር ከግድግዳው ሥር ሲደረግ ወደ ውጭ ያዘነበለ መኾን አለበት።

ሦስተኛው መሠረቱ ነው። የድንጋዩ መሠረት ከመሬት በላይ ቢያንስ 30፣ ቢቻል 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ግድግዳው ከዚያ በላይ ቢጀምር ፍንጣሪው የሚያርፈው ጉዳት በማያገኘው ድንጋይ ላይ ይኾናል። በመሠረቱና በግድግዳው መካከል ወፍራም ፕላስቲክ ወይም ሬንጅ የተቀባ ንብርብር ማስገባት ከመሬት የሚሳበውን እርጥበት ይገታል። በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት በእያንዳንዱ ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ማድረግ፣ በተዳፋት ላይ ለተሠራ ቤት ደግሞ ከበላዩ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቆፈር ያስፈልጋል።

የጭቃ ምርጊት

በክልሉ ገጠር አብዛኛው ቤት ከባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ ነው። ጭቃ ርካሽ ነው፤ በአካባቢው ይገኛል፤ ሲጎዳም ባለቤቱ ራሱ ያድሰዋል። ከሁሉም በላይ ጭቃ ሲረጥብ የወሰደውን ውኃ ዝናቡ ሲያባራ መልሶ ወደ አየር ይለቅቃል። ይህ ባሕርይው በውስጡ ያለውን እንጨት ያደርቅለታል።

ጥሩ ምርጊት በአፈሩ ምርጫ ይጀምራል። በፎገራ ሜዳ እንዳለው ያለ ጥቁር የዋልካ አፈር ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ብቻውን ለምርጊት አይኾንም። ቀይ አፈር የተሻለ ነው፤ ከአሸዋ ጋር ሲመጣጠን ደግሞ ስንጥቁ ይቀንሳል። የትኛው መጠን እንደሚስማማ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሙከራ ነው። አንዱን ያለ አሸዋ፣ ሌላውን አንድ እጅ አፈር በአንድ እጅ አሸዋ፣ ሦስተኛውን አንድ እጅ አፈር በሁለት እጅ አሸዋ ለውሶ በግድግዳው ላይ የመዳፍ ያህል ስፋት ሰጥቶ መለጠፍና እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። የተሰነጠቀው አሸዋ አንሶታል፤ በእጅ ሲታሽ የሚራገፈው አሸዋ በዝቶበታል።

ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ሲቆይ ጭዱ ይለሰልሳል፤ ጭቃውም ይጠነክራል። ጭዱ በአፈሩ ውስጥ እንደ ክር ስለሚዘረጋ ስንጥቅን ይከላከላል። መጀመሪያ ወፍራም ምርጊት፣ እርሱ በደንብ ደርቆ ከተሰነጠቀ በኋላ ደግሞ ቀጭን ልስን ይደረጋል። በመጨረሻው ሽፋን ላይ እበት መቀላቀል ውኃ የመቋቋም ዐቅሙን ይጨምራል። ያም ኾኖ ጭቃ በቀጥታ ለሚመታ ዝናብ አይቆምም። ሰፊ የጣሪያ ጠርዝና ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ካለው ግን በየዓመቱ ጥቂት ጥገና እየተደረገለት ለረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ሲሚንቶ በጭቃ ላይ፦ የሚያስከፍለው ዋጋ

ገንዘብ ሲገኝ የመጀመሪያው እርምጃ ብዙ ጊዜ የጭቃውን ቤት በሲሚንቶ ማስለሰን ነው። ቤቱ ያምራል፤ ለጥቂት ጊዜም ጠንካራ ይመስላል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው።

ጭቃና እንጨት እርጥበት ሲያገኙ ያብጣሉ፤ ሲደርቁ ይሰበሰባሉ። ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው፤ አብሯቸው አይንቀሳቀስም። በዚህ ምክንያት በልስኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይፈጠራሉ። ዝናቡ በእነዚያ ስንጥቆች ይገባል። ከሲሚንቶው ጀርባ የደረሰው ውኃ ግን በቀላሉ ተንኖ አይወጣም፤ ጠንካራው ልስን መውጫውን ዘግቶበታልና። ከመሬት የሚሳበው እርጥበትም እንዲሁ ተዘግቶ ወደ ላይ ይወጣል። ጭቃው ይለሰልሳል፤ ማገሩና የቋሚው እግር ይበሰብሳል። ከውጭ ሲታይ ቤቱ ደህና ነው። አንድ ክረምት ላይ ግን ልስኑ በሉሕ በሉሕ ይገነጠላል፤ አንዳንዴም የቋሚው እግር ተበልቶ ግድግዳው ራሱ ያዘነብላል።

ልስኑ እንዲይዝ በሚል በግድግዳው ላይ የዶሮ ሽቦ መምታት የተለመደ ነው። ሽቦው ልስኑ ቶሎ እንዳይወድቅ ይረዳል፤ ውስጥ የታሰረውን ውኃ ግን አያስወጣም። ስለዚህ ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አይፈታውም።

ቤቱ አስቀድሞ በሲሚንቶ ከተለሰነ ሁሉንም ወዲያው ማፍረስ ግድ አይደለም። በመጀመሪያ ልስኑን በጣት አንጓ ወይም በትንሽ እንጨት እያንኳኩ መፈተሽ ይገባል። ባዶ ዕቃ የሚመስል ድምፅ የሚሰጥበት ቦታ ከጀርባው ለቅቋል ማለት ነው። ያንን ክፍል ማንሳት፣ የጣሪያውን ጠርዝ ማስረዘም፣ የቤቱን ዙሪያ ውኃ ማፋሰስ፣ ከታች ከመሬት እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ያለውን ሲሚንቶ አንስቶ እርጥበት በሚያስወጣ የጭቃ ወይም የኖራ ልስን መተካት ከሙሉ ጥፋት ያድናል። በዚሁ አጋጣሚ የቋሚዎቹ እግር በቢላ ጫፍ ተወግቶ ቢታይ መልካም ነው። ቢላው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷል።

የተረሳው መካከለኛ ምርጫ፦ ኖራ

በጎንደር የሚገኙት የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥታት ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ ከሲሚንቶ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ትንንሽ እንቅስቃሴን ይችላል፤ እርጥበትንም ያሳልፋል። ከጭቃ ይልቅ ደግሞ ዝናብን ይቋቋማል። ስለዚህ ለጭቃ፣ ለድንጋይና ለሸክላ ጡብ ግድግዳ ተስማሚ ልባስ ነው።

እዚህ ላይ አርሶ አደሮች ሊለዩት የሚገባ ነገር አለ። በአዊና በጎጃም አካባቢዎች አሲዳማ አፈርን ለማከም የሚሠራጨው የእርሻ ኖራ ሳይቃጠል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ይህ ዱቄት ለአፈር መድኃኒት ነው፤ ለግንባታ ግን አይያያዝም፤ ልስን ቢሠራበት ይራገፋል። ለግንባታ የሚኾነው ኖራ ድንጋዩ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ፣ ከዚያም በውኃ በርዶ የሚገኘው ነው። ሁለቱም "ኖራ" ስለሚባሉ በመልክ ከመገመት ይልቅ ሲገዙ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የበረደ ኖራ አንድ እጅ ከሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር ይለወሳል። የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሐደ ስለኾነ ችኮላ አይወድም። በቀጫጭን ሽፋን እየተደራረበ ይለሰናል፤ ለቀናት በርጥብ ጆንያ ከፀሐይ ይጋረዳል። በጭቃ ላይ ሲለሰን ጭቃው አስቀድሞ ተጭሮ ሻካራ መኾንና በትንሹ መርጠብ አለበት። ዐቅም ለሌለው ቤተሰብ ደግሞ ኖራን በውኃ አቅጥኖ በብሩሽ ሦስትና አራት ጊዜ መቀባት ብቻውን ጭቃን ከመሸርሸር ይጠብቃል፤ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ግን መታደስ ይፈልጋል።

ኖራ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ያልበረደ ኖራ ውኃ ሲያገኝ ይፈላል፤ ዐይንና ቆዳን ያቃጥላል። ኖራው ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው በኖራው ላይ አይፈስስም። ጓንትና የዐይን መከለያ ማድረግ፣ ሕጻናትን ማራቅ ያስፈልጋል። ዐይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውኃ ወዲያውኑ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው።

ለብሎኬት ቤት፦ የሲሚንቶ ልስን

በከተሞች ለሚሠራው የብሎኬት ቤት የሲሚንቶ ልስን ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ ልስኑም ግድግዳውም አንድ ዓይነት ባሕርይ አላቸውና። ያልተለሰነ ብሎኬት ግን ዝናብን እንደ ስፖንጅ ስለሚጠጣ "ለጊዜው ይቆይ" ተብሎ ለክረምት መተው የለበትም።

ለውጭ ልስን አንድ እጅ ሲሚንቶ ከአራት ወይም ከአምስት እጅ አሸዋ ጋር ይበቃል። ሲሚንቶ ማብዛት ልስኑን የበለጠ ያጠነክረዋል የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ ሲሚንቶ የበዛበት ልስን ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ይሰነጠቃልም። የግንባታ ኖራ በተገኘበት አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራና ስድስት እጅ አሸዋ የሚለው ድብልቅ ስንጥቅን የሚቀንስ የታወቀ መጠን ነው። ላይኛው ሽፋን ከታችኛው ፈጽሞ የበለጠ ጠንካራ መኾን የለበትም።

አሸዋው ከደለል የጸዳ መኾኑን ለማወቅ በብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ውኃ ጨምሮ በኃይል ነቅንቆ ማስቀመጥ ይበቃል። አሸዋው ከታች ሲቀመጥ ደለሉ ከላይ ይተኛል። ደለሉ ወፍራም ከኾነ አሸዋው መታጠብ አለበት። የተለወሰው ሲሚንቶ መድረቅ ከጀመረ በኋላ ውኃ ጨምሮ ዳግም መለወስ ጥንካሬውን ያጠፋል። ልስኑ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀናት ጠዋትና ማታ ውኃ መጠጣት ይኖርበታል። የኮንክሪት ቋሚና ብሎኬት በሚገናኙበት መስመር ላይ ከልስኑ በፊት የሽቦ መረብ መምታት በዚያ ቦታ የሚለመደውን ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይከላከላል። የመስኮት ደፍ ወደ ውጭ ያዘነበለና ከግድግዳው ወጣ ያለ፣ ከሥሩም ውኃ የሚያንጠባጥብ ትንሽ ቦይ ያለው ቢኾን ከመስኮት ሥር የሚታየው ጥቁር ጅረት ይጠፋል።

ቀለም የሚቀባው ልስኑ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ነው። በርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ያብጣል፤ ይላጣል። ኳርትዝ በመባል የሚታወቀው ሻካራ የውጭ ቀለም ለዝናብ ከተራ የውስጥ ቀለም ይሻላል፤ የተሰነጠቀ ልስንን ግን አይጠግንም። ጄሶ በውኃ ስለሚለሰልስ ለውጭ ግድግዳ አይኾንም። ግራናይትና ሴራሚክ ለማስለጠፍ ያሰቡ ደግሞ ከላይ ባለው ጠርዝ ውኃ እንዳይገባ መዝጋት፣ ከፍ ባለ ቦታ የሚለጠፍ ከባድ ድንጋይን በማጣበቂያ ብቻ ሳይኾን በብረት ማያያዣም ማሳሰር ይገባቸዋል። ከመንገድ ዳር ሕንጻ ላይ የሚወድቅ ድንጋይ የሰው ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

የድንጋይ ግድግዳ

በሰሜን ሸዋ መንዝ እና በላስታ ላሊበላ አካባቢ ድንጋይ ከጥንት ጀምሮ የቤት ዋና ግብዓት ነው። ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ዝናብ አይጎዳውም፤ ልባስም አያስፈልገውም። ደካማው ቦታ ድንጋዮቹ የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ መጋጠሚያው በዝናብ ይታጠባል፤ ስለዚህ የውጩ መጋጠሚያ በኖራ ቢደፈን ይመረጣል። መጋጠሚያው ውኃ የሚያቁር ጎድጓዳ እንዳይኾን ከድንጋዩ ፊት ጋር መስተካከል አለበት። ድንጋይ በቅርብ ለሚያገኝ ቤተሰብ ሙሉ ግድግዳ መሥራት ባይችል እንኳ የታችኛውን ግማሽ ሜትር በድንጋይ መሥራት ትልቁን ጥቅም ያስገኛል።

ቆርቆሮ

ቆርቆሮ ግድግዳ በፍጥነት ይሠራል፤ ውኃም አያሳልፍም። ነገር ግን በቀን ያግላል፤ በሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በብርድ ጊዜ ከውስጥ በኩል ያልበዋል። ነባሩን የጭቃ ግድግዳ ዝናብ በሚመታው አንድ ጎን ብቻ በቆርቆሮ መሸፈን ግን ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ጥሩ መፍትሔ ነው። በዚህ ጊዜ ቆርቆሮው ከጭቃው ጋር መጣበቅ የለበትም። በመካከል ቀጥ ያሉ አጠናዎች ገብተው አየር ከታች ወደ ላይ የሚያልፍበት ክፍተት ሲኖር ቆርቆሮው ዝናቡን ይመልሳል፤ ጭቃውም ይተነፍሳል። የቆርቆሮው የታች ጫፍ ከመሬት ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ዝገትን ያዘገያል። ሲገዙ የጌጁ ቁጥር ባነሰ ቁጥር ቆርቆሮው እንደሚወፍር ማወቅ ይጠቅማል፤ ባለ 28 ጌጅ ከባለ 32 ጌጅ ይወፍራል። ምስማሩ ጎማ ያለው ቢኾን ቀዳዳው ውኃ አያስገባም።

ቀርከሃና ጣውላ

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይ በእንጅባራ ዙሪያ፣ የደጋ ቀርከሃ በስፋት ይገኛል። የተሰነጠቀና የተፈተለ ቀርከሃ ለግድግዳ ያምራል፤ ቀላልም ነው። ለልባስ የሚቆረጠው ቀርከሃ ቢያንስ ሦስት ዓመት የሞላውና በበጋ የተቆረጠ መኾን አለበት፤ ለጋው ቀርከሃ ነቀዝ የሚወደው ስኳር የበዛበት ነውና። ቀርከሃም ኾነ ጣውላ ከመሬት ከተነካካ ይበሰብሳል። ከድንጋይ መሠረት በላይ ተነስቶ፣ በሰፊ የጣሪያ ጠርዝ ሥር ተጠልሎ፣ ከጀርባው አየር እያገኘ ከቆየ ግን ያገለግላል። ጣውላ አግድም ሲመታ የላይኛው ጠርዝ በታችኛው ላይ መደረብ አለበት፤ ውኃው እየተንሸራተተ የሚወርደው እንዲህ ሲኾን ነው።

ለቋሚነት ጽድና ወይራ ምስጥን ከባሕር ዛፍ ይልቅ ይቋቋማሉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የመቀባት ልማድ ምስጥን ለጊዜው ቢያርቅም ዝናብ እያጠበው አፈርንና ውኃን ይበክላል። የእንጨቱን እግር ከርጥብ መሬት አንስቶ በድንጋይ ላይ ማቆም የተሻለ መከላከያ ነው።

የትኛው ለየትኛው?

ከላይ የተዘረዘረው ባጭሩ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦

• ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ ከኾነ፦ የጭቃ ልስን ከኖራ ቅብ ጋር፣ ዐቅም ካለ የኖራ ልስን፤ ዝናብ በሚመታው ጎን ክፍተት ያለው ቆርቆሮ ወይም ቀርከሃ። በቀጥታ ሲሚንቶ መለሰን አይመከርም።

• ግድግዳው ብሎኬት ከኾነ፦ የሲሚንቶ ወይም የሲሚንቶና የኖራ ልስን፣ ሲደርቅ የውጭ ቀለም።

• ግድግዳው ድንጋይ ከኾነ፦ ልባስ ሳይኾን የመጋጠሚያ ድፈና።

• ቤቱ በዋልካ መሬት ላይ ከቆመ፦ መሬቱ ክረምትና በጋ ስለሚንቀሳቀስ ጠንካራ ልስን መሰንጠቁ አይቀርም። ገንዘቡ አስቀድሞ ለጠለቀ መሠረትና ለውኃ ማፋሰሻ ቢውል ይሻላል።

• ገንዘቡ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከኾነ፦ ከልባስ በፊት የጣሪያውን ጠርዝ ማስረዘምና የቤቱን ዙሪያ ማፋሰስ።

ሥራው መቼ ይሠራ?

ለጭቃና ለኖራ ሥራ አመቺው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ ወቅት ነው። አውድማ ሲያልቅ ጭድ በብዛት ይገኛል፤ የሰው ጉልበትም ፋታ ያገኛል። የጭቃ ልስን በሚገባ ለመድረቅ ሳምንታት ስለሚፈልግ ሰኔ ሲገባ የተጀመረ ሥራ ያለ ዕድሜው ዝናብ ያገኘዋል። የሲሚንቶ ልስን በበጋም ሊሠራ ይችላል፤ ኾኖም በቀትር ፀሐይ ከመለሰን ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ጥላ ባለበት ጎን መሥራት ይመረጣል።

ከግንበኛ ጋር ውል ሲያዙ የድብልቁን መጠን፣ የሽፋኑን ብዛት፣ ውኃ የሚያጠጣው ማን እንደኾነና ለስንት ቀን እንደኾነ በጽሑፍ ማስፈር አለመግባባትን ያስቀራል። በከተማ የውጭ ገጽታን የሚለውጥ ሥራ ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድሞ የቀበሌውን ወይም የከተማውን የግንባታ ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይገባል።

የመስከረም ፀሐይ ሲወጣ ቤቱን አንድ ጊዜ ዞሮ ማየት ደግሞ የሁሉም ባለቤት የዓመት ሥራ ሊኾን ይገባዋል። ክረምቱ የትኛውን ጥግ እንዳረጠበ፣ ልስኑ የት ባዶ ድምፅ እንደሚሰጥ፣ የትኛው የመሠረት ድንጋይ እንደተቦረቦረ በዚያን ጊዜ በግልጽ ይታያል። በመስከረም የታየች የጣት ስፋት ስንጥቅ በጥቅምት በአንድ አካፋ ጭቃ ትደፈናለች፤ ለሚቀጥለው ክረምት ከተተወች ግን ግድግዳ ታስከፍላለች።